ለእንግዳው የተመረጠው አየር

ኮምቦልቻ ውስጥ “ሥራህ ምንድን ነው?” ሲሉኝ “እሳት ማጥፊያ እሞላለሁ” እላለሁ። ውሸት አይደለም። ከኮምቦልቻ እስከ ደጋን ያሉ ማደያዎችና መጋዘኖች ቀያዮቹን ሲሊንደሮቻቸውን እኔ ዘንድ ያመጣሉ፤ እኔም ፈትሼ፣ ሞልቼ እመልሳለሁ። የማልናገረው ሌላውን ነው። ቅዳሜ ሲሆን ሐይቅ ሄጄ፣ ሲሊንደር በጀርባዬ ተሸክሜ ውሃው ውስጥ እጠልቃለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ “ምን ጠፍቶህ ነው?” ይለኛል። አቦ ምንም አልጠፋኝም! ሬሳ ፈላጊም አይደለሁም። ደስ ስለሚለኝ ነው የምወርደው። ይህን መልስ አምኖ የተቀበለኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ እሳት ማጥፊያ እሞላለሁ ብዬ እገላገላለሁ።

ነገሩን የለመድኩት ጅቡቲ ነው። የወደብ ጉልበት ሥራ ወገቤን ሲቆርጠኝ፣ ቱሪስቶችን ባሕር ውስጥ የሚያወርድ አንድ ፈረንጅ ዘንድ ሲሊንደር አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ከማጠብ ወደ መሙላት፣ ከመሙላት ወደ መቀላቀል፣ ከመቀላቀል ወደ መጥለቅ አደግሁ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ስመለስ ያጠራቀምኩት ሁሉ አንዲት አሮጌ የአየር መጭመቂያ ማሽን፣ ሦስት ሲሊንደርና ሁለት ሰው የሚያጠልቅ ዕቃ ሆኖ መጣ። እህቴ ጭነቱን ስታይ፣ “ሰው ከጅቡቲ ፍሪጅ ያመጣል፤ አንተ አየር ይዘህ መጣህ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ሰው ጠላቂ ሁሉ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚወርድ ይመስለዋል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ይኸው አሁን እኔም አንተም የምንተነፍሰውን ተራ አየር ነው፤ ተጨምቆ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ። ከአምስት እጅ አንዱ ኦክስጅን ነው፤ የቀረው ናይትሮጅን ነው ማለት ይቻላል። ይህ ናይትሮጅን ከውሃው በታች ሰውነት ውስጥ እየሰረገ ይገባል፤ በጥድፊያ ወደ ላይ ከወጣህ እንደተናጠ ለስላሳ ጠርሙስ ደምህ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ኦክስጅኑን ከፍ፣ ናይትሮጅኑን ዝቅ ያደረገ ድብልቅ ይሠራል። “ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አትተነፍስም?” ትለኛለህ። ማርም ሲበዛ ይመራላ! ኦክስጅን ጥልቀት ላይ ከልኩ ሲያልፍ መርዝ ነው። ፊትህን ያርገበግበዋል፣ ከዚያ መላ አካላትህን ያንቀጠቅጠዋል፣ ራስህን ትስታለህ፣ መተንፈሻው ከአፍህ ይወድቃል። ቀጥሎ የምትስበው ውሃውን ነው። ኦክስጅኑ የበዛበት ድብልቅ ብዙ አያወርድም፤ ጥልቅ የሚወርደው ተራው አየር ነው።

እኔ ሐይቅ ላይ የምሠራው እንዲህ ነው። ለመውረጃ ተራ አየር በጀርባ። ኦክስጅኑ ግማሽ በግማሽ የሆነ ሌላ ሲሊንደር ደግሞ ከጀልባው በወረደ ገመድ ላይ ስድስት ሜትር ላይ ይታሰራል። ስንመለስ እዚያ ቆመን እሱን እየተቀባበልን እንተነፍሳለን፤ ናይትሮጅኑን ያጥብልናል። ይህን ሁሉ የማበዛው በዳገቱ ምክንያት ነው። የጅቡቲ ሰው ከጠለቀ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ከፍታው አረፋውን ይቀሰቅሰዋል። የእኛ አገር አውሮፕላን የደሴ ዳገት ነው፤ ሐይቁ ራሱ ደጋ ላይ ሆኖ ደሴ ደግሞ ከሱም በላይ ነው።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ። የጅቡቲው አለቃዬ በጥፊ ሊያስተምረኝ ምንም ያልቀረው ሕግ ነው፦ አየሩን የሚተነፍሰው ሰው ራሱ ይለካዋል። ኦክስጅን መለኪያዋ የእጅ ስልክ የምታክል ናት፤ ቧንቧዋን ሲሊንደሩ አፍ ላይ ትደግናለህ፣ ቁጥሩን ታያለህ፣ ፕላስተር ላይ ጽፈህ ትለጥፋለህ። ፕላስተር የሌለውን ሲሊንደር ማንም አይነካም። ማን ሞላው፣ ማን አመጣው፣ ሸህ ይሁን ቄስ ይሁን አይጠየቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

አብሮኝ የሚጠልቀው ጓደኛዬ ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው። የተዋወቅነው ለመድኃኒት ቤቱ እሳት ማጥፊያ ሊያስሞላ መጥቶ፣ ጥግ ላይ የተንጠለጠለውን የመጥለቂያ ጃኬት አይቶ “ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። ነገርኩት። እንደ ሌላው ሰው ምን ጠፍቶህ ነው አላለኝም። “እኔንም ታስተምረኛለህ?” አለኝ። ወላሂ ያን ቀን ልስመው ምንም አልቀረኝ! የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እሑድ መዘምራን ውስጥ ይዘምራል፤ ረጅም ትንፋሽ አለው። ጥንቁቅ ደግሞ ከመጠን በላይ። አንድ መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት የካርቶኑን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እግሩ እስኪያብጥ። አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር እያልኩ ሁለት ወር አሠለጠንኩት። ሃያ ስምንት ሜትር ልንወርድ የተቀጣጠርነው ለዚያች ቅዳሜ ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቱ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍረው ኮምቦልቻ ሱቄ ድረስ መጡ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያላቸው ይኸው ልጅ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆመው፣ “ልጄን የምታሰምጠው አንተ ነህ?” አሉኝ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። የመጡት ዐይኔን ሊያዩ ነው። “ወላሂ እናቴ፣ ይዤው እንደወረድኩ ይዤው እወጣለሁ” ብዬ ማልኩ።

“መሐላ አልጠየቅሁህም ልጄ” አሉ። “መሐላህ ለራስህ ይሁን። እኔ የምልህ አደራ ነው።”

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። “እሺ፣ አደራዎን ተቀብያለሁ” አልኩ። ጌታ ይጠብቃችሁ ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እነዚያን ሦስት ሲሊንደሮች ስሞላ እጄ እንደ ወትሮው ቀለል አላለኝም።

አሁን አባቴን ላስተዋውቅ። አባቴ የቢስቲማ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ሐይቁ ዳር ትንሽ ጓሮና አንዲት ጀልባ ይዘው ይኖራሉ። ስንጠልቅ ጀልባዋን የሚቀዝፉልን እሳቸው ናቸው። እንግዳ የአላህ ነው የሚሉ ሰው ናቸው፤ ቤት ውስጥ አንዲት እንቁላል ብትኖር እንግዳው ነው የሚበላት፤ እኔ ልጃቸው ቅርፊቷን አያለሁ። ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ደሴ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ እኛም በሆዳችን ተሰናብተናቸው ሳለ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ አደረጉላቸው። ዐይናቸውን ገለጡ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብለው፣ “ልጄ፣ ይህ ነገር ሩሕ ነው፤ ነፍሴን መልሶ ሰጠኝ” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የኦክስጅንን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ዓርብ ከሰዓት ሲሊንደሮቹን በፒካፔ ጭኜ እሳቸው ዘንድ አወረድኩ። ኮምቦልቻ ላይ ለክቼ ፕላስተር ለጥፌባቸዋለሁ፤ ሁለቱ ተራ አየር፣ አንዱ ግማሽ በግማሽ። ሦስቱም ቀለማቸው አንድ ነው። ግማሽ በግማሹን ሌላ ቀለም መቀባት ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረ። እሱን ለብቻው ከዕቃ ቤቱ በር ኋላ አቆምኩት።

“ይህ ለምን ተለየ?” አሉኝ አባቴ።

“እሱ ኦክስጅን አለበት አባባ። ግማሹ ኦክስጅን ነው።”

“ማሻ አላህ” አሉ፤ በመዳፋቸውም እንደ በግ መታ መታ አደረጉት። “ታዲያ ይህን ማን ነው የሚይዘው?”

“ማንም። ገመድ ላይ ነው የሚታሰረው።”

“ምርጡን? እንደ ፍየል በገመድ?”

ሳቅሁ። መንገድ ይመሽብኛል ብዬ፣ ቸኩዬ፣ ሳቄን ጥዬላቸው ሄድኩ። ታች ሲወርድ መርዝ ይሆናል የምትለዋን አራት ቃል አልነገርኳቸውም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬን ሐይቅ ከተማ ላይ ተቀብዬ ወደ ዳር ስንወርድ፣ አባቴ ሁሉን ሠርተው ጨርሰዋል። ሲሊንደሮቹ እንደ ሠርግ ቤት ብርጭቆ ያበራሉ! በሳሙናና በገል ፈትገው፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው፣ ሁለቱን ጃኬቶቹ ላይ አስረው፣ ሦስተኛውን ጀልባዋ ላይ ጭነውታል። እኔ ሳስር ብዙ ጊዜ ስላዩ ማሰሩን ያውቁበታል። “እንግዳ በቆሸሸ ዕቃ አይስተናገድም” አሉ። የሦስቱንም ሲሊንደር አንገት አየሁ። ፕላስተር የለም። በሳሙናው ታጥቦ ሄዷል።

“አባባ፣ ጽሑፉስ?”

“እሱማ ለቀቀ። አብሽር፣ እኔ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።”

መለኪያዋ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ዚፑን መክፈት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን እንዴት አድርጌ? ሽማግሌ ሰው ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ለእንግዳዬ ብለው ሲፈትጉ አርፍደው፣ “ለይቼዋለሁ” ካሉኝ በኋላ፣ እንግዳው እያየ መሣሪያ አውጥቼ የእጃቸውን ሥራ ልመርምር? እንጀራ ያቀረበልህ ሰው ፊት ወጡን እንደ ማሽተት ነው። ጓደኛዬን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሕጉን ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። አባቴ ጃኬቱን ከነሲሊንደሩ በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ “ና ልጄ፣ ቢስሚላህ” ብለው ሲያቀርቡለት፣ ያ አንድ ክኒን ሦስቴ የሚያነብ ሰው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። “ጌታ ይባርክዎት አባባ” አለ። እኔም ዚፑን ለቀቅሁት። ይሉኝታ የምትባለዋ ነገር እንዲህ ነው የምትሠራው፤ ድምፅ የላትም።

አባቴ ቀዘፉልን። መሐል ላይ ገመዱን ጣልን፤ ሦስተኛውን ሲሊንደር ራሳቸው አባቴ ስድስት ሜትሩ ላይ አስረው አወረዱት። ዱዓ አደረጉ፤ ጓደኛዬም በበኩሉ ዐይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ወረድን።

የሐይቅ ውሃ ጠዋት ጠዋት ጥሩ ያሳያል፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ዝም ያለ ነው። ገመዱን ይዘን ስንወርድ በተሰቀለው ሲሊንደር አጠገብ አለፍን። አንጸባርቆ፣ ልሙጥ ሆኖ ተንጠልጥሏል። አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ወረድን። ጓደኛዬ ፈጣን ነው፤ ከእኔ በታች ቀድሞ ሄደ። ሃያ ሜትር ገደማ ስደርስ ነገሩ መጣልኝ። ግማሽ በግማሹ ሲሊንደር ጅቡቲ ሳለሁ ከጀልባ ወድቆ ትከሻው ላይ ቀለሙ የተላጠ ጠባሳ አለው። ያለፍነው ሲሊንደር ጠባሳ አልነበረውም።

ዞር ብዬ ወደ ታች አየሁ። ጠባሳው ጓደኛዬ ጀርባ ላይ ነው።

ክው አልኩ። ውሃ ውስጥም ላብ ያጠምቃል ቢሉኝ አምን ነበር። እሱ እኮ ሃያ ስድስት ሜትር ላይ ደርሷል! ግማሽ ኦክስጅን እየሳበ፣ ከታች የተጋደመ ትልቅ የዛፍ ግንድ አይቶ በጣቱ ያሳየኛል። ደስ ብሎታል። እየገፋሁ ወርጄ ክንዱን ያዝኩና አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ፤ እንውጣ ማለት ነው። እምቢ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ግንዱን አሳየኝ። እኔን አንዳች ነገር ያስፈራኝ መስሎታል። መነጽሩን ወደ መነጽሬ አስጠጋሁና ፊቱን አየሁ። ከመነጽሩ በታች የግራ ጉንጩ ይርገበገባል። ትንሽ ናት፤ ዝንብ እንዳረፈበት ፈረስ ቆዳ። እሱ አላወቃትም። እኔ አወቅኋት።

ያኔ ያሰብኩት ስለ ሳይንስ አይደለም። በሩ ላይ ቆመው ዐይኔን ያዩኝን ሴትዮ ነው ያሰብኩት። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጨምድጄ ይዤ፣ በሌላ እጄ መተንፈሻውን አፉ ላይ ደግፌ ይዤ፣ ይዤው ወጣሁ። መሮጥ አይቻልም፤ በጥድፊያ መውጣትም ሌላ ሞት ነው። የራሴን አረፋ እንዳልቀድም እየተጠነቀቅሁ፣ እየቆጠርኩ። ሃያ። አሥራ ስምንት። ዐይኔን ከጉንጩ ላይ አልነቀልኩም። አሥራ አምስት ላይ ጉንጩ ተወ። አሥር ላይ እጄን መታ መታ አድርጎ ምን ሆንክ በሚል ዐይን አየኝ። ስድስት ሜትር ላይ ገመዱን ይዘን ቆምን። ለእሱ እዚያ ላይ በጀርባው ያለው አየር ትክክለኛው ነበር። እኔ የጀርባዬን ተራ አየር እየተነፈስኩ፣ ከፊቴ የተሰቀለውን ሌላ ተራ አየር እያየሁ፣ መነጽሬ ውስጥ አለቀስኩ። ውሃ ውስጥ ማልቀስ አይመችም፤ መጥረግ አይቻልም።

ብቅ ስንል አባቴ ከጀልባዋ ላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉልን። ፊታቸው በርቷል። “እንዴት ነበር ልጄ? ጥሩውን አየር ላንተ አድርጌልህ ነበር! ይህ ልጄ ምርጡን በገመድ ሊያንጠለጥለው ነበር፤ እኔ ግን ለእንግዳ ነው የሚገባው ብዬ ቀየርኩት።”

ጓደኛዬ እጃቸውን እንደያዘ ቀረ። የመድኃኒት ሰው ነው፤ ነገሩ በአንድ አፍታ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ አየኝ፤ እኔም አዎ በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? “በጣም ግሩም ነበር አባባ። እጅዎ አይንጠፍ።”

ያን ጊዜ አንጀቴን በላኝ። የሞት ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው፣ የገፋውን ሰው እጅ ይዞ ያመሰግናል! ክፋት የለም፤ አንድም ክፉ ሰው በዚያች ጀልባ ላይ አልነበረም። ሦስታችንም እርስ በርሳችን እየተከባበርን ልንገዳደል ነበር።

ከጥልቅ ውሃ የወጣ ሰው ወዲያው ወደ ደሴ አይወጣም፤ እስከ አሥር ሰዓት ዳር ላይ መቀመጥ ግድ ነበር። ሸሽቶ መገላገል የለም። አባቴ ዓሣ ጠብሰው አቀረቡልን፤ ጓደኛዬን እያጎረሱ ስለ ሐኪም ቤቱ አልጋ ያወሩለታል። እሳቸው ለሶላት ሲነሡ ተንሾካሾክን። “ለእሳቸው እንዳትነግራቸው፤ ይሰበራሉ” አለኝ። “ለእናትህስ?” አልኩት። “እማዬማ ጨርሶ!” አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለእናቱ ባልናገር ወደድኩ።

ይሁን እንጂ ማረጋገጥ አለብኝ ብዬ፣ ዕቃ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ሲሊንደሩን ለካሁ። ሃምሳ። ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

“ምንድን ነው የምትለካው?”

“ምንም አይደለም አባባ።”

“ምንም ያልሆነ ነገር በር ተዘግቶ አይለካም።”

ነገሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ታምቆብኝ ነበርና ፈነዳሁ። “እርስዎ ለእንግዳ ብለው የሰጡት ሊገድለው ነበር! ታች ሲወረድ መርዝ ነው! ፊቱ መርገብገብ ጀምሮ ነው ያወጣሁት!” ብዬ ጮህኩ። በዕድሜዬ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

በማዳበሪያ ጆንያው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ኦክስጅን አይደለም እንዴ?”

“ነው።”

“እኔን ያዳነኝ?”

“እሱው ነው። ግን ልክ አለው። ጥልቅ ሲገቡ ልኩ ያንሳል።”

“ያ አላህ” አሉ። ከዚያ ቀና አሉ። “ይህን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?”

“ቸኩዬ።”

“እሺ፣ ቸኮልክ። ዛሬ ጠዋትስ? ጽሑፉ መጥፋቱን አይተሃል። መለኪያህ በትከሻህ ነበር። ለምን አልለካህም?”

“እርስዎ ፊት... የጠረጠርኩዎት እንዳይመስልዎት...”

“እኔን አፍረህ?”

“አዎ።”

“እኔን አፍረህ የሰው ልጅ ልትገድል?”

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ በዱላ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ሄደዋል። “ልጁ እናት አለችው?” አሉ።

“አሉት። ደሴ ናቸው።”

“ያውቃሉ?”

“አያውቁም። ባይሰሙ ይሻላል ብለን...”

“የሰውን ልጅ አደራ አበላሽተን ሲያበቃ፣ እኛው ነን ደግሞ የሚሻለውን የምንመርጥላቸው?” አሉና ተነሡ። ውዱእ አድርገው ሰገዱ፤ የዒድ ሸሚዛቸውን ለበሱ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ፒካፑ ውስጥ ከፊት ገብተው ተቀመጡ። ጓደኛዬ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ “አባባ ምንም አልሆንኩም እኮ! ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሳልለካ ወረድኩ” እያለ ለመናቸው። “አንተ እንግዳ ነህ፤ እንግዳ ጥፋት የለበትም” አሉት። እስከ አሥር ሰዓት ከመኪናው አልወረዱም።

ዳገቱን በዝግታ ወጣነው። መንገዱን ሁሉ ጓደኛዬን በመስታወት እያየሁ፣ መገጣጠሚያህን አመመህ ወይ፣ አዞረህ ወይ እያልኩ ጠየቅሁት። ደህና ነበር። እናቱ ከሰኞ ገበያ በላይ ነው ቤታቸው። ልጃቸው በእግሩ ቆሞ ሲገባ አይተው፣ “ተመስገን ጌታዬ!” ብለው አቀፉት። አባቴን ሲያዩ ወንበር አቀረቡ፣ ሻይ ቀዱ። አባቴ ብርጭቆውን አልነኩም።

“ነገሬን ሳልናገር አልቀምስም” አሉ። “እኔ የዚህ አባት ነኝ። ዛሬ ጠዋት ለልጅዎ ሳይለካ የተሳሳተ አየር ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ምርጥ ነው ብዬ፣ ሳላውቅ ነው። አላህ ባይደርስለት ኖሮ ውሃ ውስጥ ቀርቶብዎት ነበር። ዐውፍ ይበሉኝ ልልዎት መጣሁ።”

እናቱ ልጃቸውን አዩ። “እውነት ነው?” አሉት። “ነው እማዬ” አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጉንጩን፣ ግንባሩን በጣታቸው እየዳሰሱ አለቀሱ። የተርገበገበችዋን ጉንጭ ሲዳስሱ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በኋላ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ወደ አባቴ ሄዱና ብርጭቆውን አንሥተው በእጃቸው ሰጧቸው። “ይጠጡ አባቴ። ይቅር ብያለሁ፤ ጌታም ሁላችንንም ይቅር ይበለን። እንዲህ ብሎ በእግሩ መጥቶ የሚነግረኝ ሰው ስንት አለ?” አሉ። አባቴ ጠጡ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ? ልትነግረኝ ነበር?”

መዋሸት ፈለግሁ። አባቴ ግን ያዩኛል። “አይ” አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ እችለው ነበር። “ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከልክዬ አላስቀረውም። ግን እኚህ ሰው ዳር ላይ ቆመው ራሳቸው ካልለኩለት አይወርድም። ካንተ ጋር ብቻ ከሆነ አይወርድም።”

“እንዴ እናቴ!” አልኩ፤ ደሜ ፈላ። “እሳቸው እኮ ናቸው የተሳሳቱት! ሥራውን የማውቀው እኔ ነኝ!”

“አዎን” አሉ። “አንተማ ታውቅ ነበር።”

አባቴ በሳምንቱ መለኪያዋን አስተምረኝ ብለው ተማሩ፤ ዐሥር ጊዜ አስደገሙኝ። ጓደኛዬም አልተወም፤ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በዋዜማው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ውሃውም፣ ስለ አየሩም፣ ስለ እኔም አይደለም።

“አባባ አሉ?” ነው የሚለው።